ይድረስ ለተከበሩት የፎቶ ቦታ ምልክት

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ የተነሳበትን ቦታ አብረው የሚመዘግቡት እርስዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎ የት እንዳደረጉኝ ባላውቅም፣ ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብያለሁ።

ነገሩ የእሑዱ ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ የድሮ ፎቶዎቹን በቴሌቪዥን ላሳያቸው ብዬ ተነሳሁ። የወረቀቶቹን አንድ በአንድ በስልኬ አንስቻቸው ነበር። እርስዎም በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳውን ሳይቀር 140ውንም «ባሕር ዳር» ብለው መዘገቡልኝ። ስልኩ የነበረው እኔ ሳሎን ነዋ! ምንም አላልኩም። ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ። የደብረ ማርቆስን የቦታ ቁጥሮች፣ 10.33 እና 37.73፣ ከስልኬ ካርታ ገልብጬ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የፎቶ ቦታ ማስተካከያ ፕሮግራም ሞላሁ። ለካ ካርታው ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ያ ፕሮግራም ደግሞ ኬንትሮስን። ምንም ሳይጠይቀኝ «ተመዝግቧል» አለ። ቀበሌ እንኳ የአያትህን ስም አንድ ፊደል ብትስት ቅጹን ይመልስልሃል።

የአጎቴ ልጅ «እስቲ በካርታው አሳየን» አለ። አሳየሁ። አባቴ ከነፎቶው፣ ከነዘመዱ፣ ከቱኒዚያ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር መሐል ተከምሮ ቁጭ! ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ «ጣና ዳር እንኳ እግሩን የማይነክር ሰው፣ መቼ ዋና ለመደ?» አሉ። እኔም ሳቅሁ።

አክስቴ አልሳቀችም። «ይሄ ያ ልጆቹ የሚሻገሩት ባሕር ነው?» አለች። ልጇ በሊቢያ በኩል ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ የለም። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ስማ እንግዲህ፣ አንቱታው ይቅር። ቁጥሩን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን 140 የሐበሻ ፎቶ፣ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ሁሉ ባሕር መሐል ሲገባ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ነበረበት? መጀመሪያስ ያላወቅከውን ባዶ ብትተወው ምን ትሆን ነበር? ባዶ ቦታ ማንንም አያስለቅስም። አንተ ግን አላውቅም ማለት ሞትህ ነው።

ዓባይ በረሃ ላይም እንዲሁ ነህ። ድልድዩን ተሻግሬ ደጀን አቀበት ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ፤ አንተ ሳተላይትህን እስክታገኝ የቀድሞውን ለጥፈህ «ጎሐ ጽዮን» አልከኝ። ጎጃሜን አገሩ ገብቶ ሲያበቃ ወደ ሸዋ መለስከው። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለህም፤ ሥራ ሲመጣ ሻይ ወጥቷል እንደሚባለው ሠራተኛ።

ይኸው ዛሬ ማታ እንደገና ልጀምር ነው። ኬንትሮስ መጀመሪያ፤ 37.73። የማስቀድመው አክስቴ ልጇን አዝላ ከአባቴ ጎን የቆመችበትን ነው።