ይድረስ ለክቡር የቀን መሙያ ሳጥን

ቁጥር፦ 03/04
ቀን፦ እርስዎ እንዳሉት
ጉዳዩ፦ ዶሮን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በእርስዎ ቸርነት በአንድ ጀምበር ሰባት ዓመት ከማርጀቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ጥቅምት 1980 ነው። የሥራ ማመልከቻው ላይ ብቅ ብለው የትውልድ ዓመት ሲሉኝ 1980 ብዬ ሞላሁ። ሰው ሲጠየቅ የተወለደበትን አይደል የሚናገረው? እርስዎ ግን ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይጠይቁ ወደ ዕድሜ ማጣሪያው ሰደዱኝ። ማስታወቂያው ከ40 ዓመት በላይ አይቀበልም። በ37 ዓመቴ ገብቼ 44 ሆኜ ወጣሁ፤ ያውም አንዲት ሽበት ሳላበቅል።

እሱን ትቼዋለሁ። የመጣሁት ስለ ዶሮው ነው።

ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ በጥቅምት 2017 መልእክት ላከችልን፦ «በ03/04 እመጣለሁ፤ ዶሮ ይጠብቀኝ።» ቀኑን እርስዎ ላይ ከሞላችው ላይ ገልብጣ ነው የላከችው። ቤተሰብ ተሰበሰበ። እማዬ ሦስት ቀን፣ አራተኛ ወር አለችና ታኅሣሥ 3 ብላ ወሰነች። እኔ ከአውሮፓውያን ጋር ሠርቼ ስለማውቅ ኤፕሪል 3 ነው ብዬ ተከራከርኩ። ወንድሜ ደግሞ «አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ» ሲባል ሰምቷል፤ ስለዚህ ወሩን አስቀደመና ኅዳር 4 ብሎ አረፈው። ቅደም ተከተሉን ፈረንጅ አደረገው፣ ወሩን ግን የኛውን ተወው። ማርች 4 ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ደውላችሁ አትጠይቁም ወይ ይሉ ይሆናል። ደወልን። «ጻፍኩላችሁ እኮ! 03/04!» ብላ ተቆጣች።

መልእክቷን ራሷን ደግሜ ላንብብ ብዬ የስልኬን መፈለጊያ ብከፍት፣ እርስዎ እዚያም «ከ» እና «እስከ» ብለው ተቀምጠዋል። በጥቅምት የተላከ ነውና ሁለተኛ ወር ብዬ 02 ሞላሁ። የፌብሩዋሪን መልእክት ሁሉ አግተልትለው አመጡልኝ። ከመካከሉ አጎቴ «ያን ገንዘብ መቼ ነው የምትመልሰው?» ያለኝ ይገኝበታል። ማጣሪያ ነኝ ካሉ እሱን አያጣሩልኝም ነበር?

እማዬ በበኩሏ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አወረደች። የትኛውም ቀን ይሁን፣ የምትፈልገው ዶሮው የሚበላበትን ብቻ ነው። ኅዳር 4፣ ረቡዕ ዋለ። ታኅሣሥ 3 በዓታ ናት፣ ግን የነቢያት ጾም ላይ። ማርች 4 ማለት የካቲት 25 ነው፤ ሑዳዴ ከገባ ዘጠነኛ ቀኑ። ኤፕሪል 3 ማለት መጋቢት 25 ነው፤ አሁንም ሑዳዴ። ክቡር ሆይ፣ ከአንድ ቁጥር አራት ቀን አወጡልን፤ አራቱም ጾም! ይህን ያህል መንፈሳዊ መሆንዎን አላውቅም ነበር።

እህቴ የካቲት 25 መጥታ ሽሮዋን በላች። በዚህ ሁሉ መሃል የተጠቀመ ዶሮው ብቻ ነው፤ ለእኔ የጨመሩብኝን ዕድሜ ለእሱ ጨመሩለት።

ስለ ጳጉሜም አንድ ነገር አለኝ። የታላቅ እህቴ ልጅ የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ነው። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ የምትመጣ ቀን ናት። ትምህርት ቤት ላስመዘግበው 13ኛ ወር ብዬ ብሞላ፣ በቀይ ቀለም «እባክዎ ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» አሉኝ። ትክክለኛ! ልጁ እኮ ተወልዷል፤ ሲያለቅስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። (ጳጉሜን ወር ብሎ አለመቁጠርስ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ከመሥሪያ ቤታችን ደመወዝ ከፋይ ጋር ትስማማላችሁ።) በመጨረሻ ሴፕቴምበር 11 ተብሎ ተመዘገበ። ያ ደግሞ በአብዛኛው ዓመት እንቁጣጣሽ ነው። አሁን ልጁ ከተማው ሁሉ ልደቱን የሚያከብርለት ይመስለዋል፤ ወላጆቹም የአንድ ድግስ ወጪ ቀነሰላቸው። እዚህ ላይ አላማዎትም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሚያገለግሉት የቀን አቆጣጠር የጳጳሱ የጎርጎርዮስ 13ኛ ነው አይደል? እሳቸው በ1582 እ.ኤ.አ. ሐሙስ ኦክቶበር 4 ማታ የተኛውን ሕዝብ አርብ ኦክቶበር 15 ጠዋት አስነሱት። አሥር ቀን ሳያላምጥ የዋጠ አቆጣጠር የኛ አምስት ቀን ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት?

ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን መጨረሻ እንዲጻፍ የሚል ዓለም አቀፍ መስፈርት እንዳለም አውቃለሁ። የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ማለት ነው። እኔ ጡት ጥዬ፣ ተምሬ፣ በእርስዎ እጅ አርጅቼ ሳበቃ እርስዎ ጋ አልደረሰም። መንገድ ላይ 02 ወር ብለውት ይሆናል።

ስለ ሰዓቱ ዛሬ አላነሳም። ጠዋት 2 ሰዓት ያልኩትን ቀጠሮ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የቀሰቀሱኝን ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ።

መልስዎን እስከ 05/06 ድረስ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ያለ ጊዜው ያረጀው አመልካች

ግልባጭ፦
ለዶሮው