ቱቦ የበጠሰው ኦፕሬተር ብቻ አይደለም ጥፋተኛው

በቀደም እኛ ሰፈር ለመንገድ ስራ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ትልቁን የውሃ መስመር በጠሰው። ውሃው ከአጥር በላይ ተተኮሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ወጣ ግን ጭቃ ስለሆነ የሚቀዳ አልነበረም። ኦፕሬተሩ ገና ልጅ ነው፣ ሞተር አጥፍቶ ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ፣ ሰው ሲሰድበው "ኧረ እዚህ ጋ መስመር አለ ያለኝ ሰው የለም" ብቻ ነው የሚለው። ከዛ 6 ቀን ውሃ የለም።

እኔ ልጁን አምነዋለሁ። ምክንያቱም መስመሩ የት እንዳለ ለማወቅ የውሃው ከውሃ፣ የመብራቱ ከመብራት፣ የፋይበሩ ከቴሌ ነው የሚጠየቀው፣ ኮንትራክተሩ ደግሞ ቀን እየቆጠረ ስለሆነ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ ከሚንከራተት ቆፍሮ ማየት ይቀለዋል። የድሮ ሰፈር ከሆነማ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አንድ አሮጌ ቴክኒሺያን ይሆናል፣ እሱም ጡረታ ወጥቷል።

ህግ የለም እንዳንል በ2006 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 857 የወጣው እነዚህ መስሪያ ቤቶች ተናበው እንዲሰሩ ነበር። የጎደለው ከመቆፈሩ በፊት ባሉት ሁለት ሶስት ቀናት ውስጥ የሚደረገው ነገር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሳሩ ላይ የሚተከሉትን ትንንሽ ባንዲራዎች አይታችኋል፣ ቀይ መብራት፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ ቢጫ ጋዝ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሊቆፍር ያሰበ ሰው 811 ይደውላል፣ በነፃ ነው፣ የየመስመሩ ባለቤቶች መጥተው ወይ ሰው ልከው ምልክት ያደርጋሉ፣ ምልክቱ አጠገብ ሲደረስ በጥንቃቄ በእጅ ይቆፈራል። ይሄ ደግሞ መንግስት ስላዘዘ ብቻ የመጣ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የመስመር ባለቤቶቹም ቆፋሪዎቹም ኮመን ግራውንድ አላያንስ በሚባል ማህበር አንድ ላይ ተቀምጠው አሰራሩን እያስተካከሉት ነው። እዛም መስመር መበጠሱ አልቀረም ግን ቢያንስ ማን ምን ማድረግ እንደነበረበት ይታወቃል።

ለኛም አንድ ስልክ ቁጥር ይበቃናል። ሳይደውል የቆፈረ ይክፈል፣ ተደውሎለት ያልመጣ መስሪያ ቤት ደግሞ ኪሳራውን ራሱ ይቻል፣ ይሄኛው ከሌለ ማንም ስልኩን አያነሳም። አሁን በኮሪደር ልማቱ ገመዱ ሁሉ ከፖል እየወረደ መሬት ውስጥ እየገባ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ንጣፉ ሳይለብስበት እያንዳንዱ መስመር በጂፒኤስ ተለክቶ ሁሉም በሚያየው አንድ ካርታ ላይ ካልገባ ነገ የሚቆፍረው በጭፍን ነው። ያ ልጅ የነካው የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ቢሆን ኖሮ ስለ ውሃ አናወራም ነበር።

ቱቦው ተጠግኖ ሲደፈን ቆሜ አየሁ። ላዩ ላይ የሚቀበረው የማስጠንቀቂያ ላስቲክ እንኳን ሳይደረግ አፈሩ ተመለሰበት፣ ቱቦው የት ጋ እንደሆነ የጻፈም ሰው አላየሁም።