መጀመሪያ ወንፊትና ውሃ ልክ፣ ኤክስካቫተሩ ይቆየን

ሰሞኑን ለባህላዊ ወርቅ አምራች ማኅበራት ኤክስካቫተርና ትልልቅ ማጠቢያ ማሽን በብድር ይቅረብላቸው የሚለው ሐሳብ እንደገና ተነስቷል። ያናደደኝ ብድሩ ሳይሆን የተሰጠው ምክንያት ነው። አምራቾቹ አፈሩን ተዳፋት ላይ በተቀመጠ፣ ውሃ በሚወርድበት የእንጨት ሳጥን ስለሚያጥቡ ግማሹ ወርቅ ወንዝ ይገባል ተባለ። ግማሹን ማን ለካው? ከሳጥኑ ጭራ፣ ማለትም ታጥቦ ከሚወጣበት የታችኛው ጫፍ፣ አሥር ባልዲ አሸዋ ወስዶ በገበቴ ያጠበ፣ ያገኘውን ወርቅ በሚዛን ያስቀመጠ ማን ነው? ጭራውን ሳይለኩ ቁጥር መጥራት ግምት እንኳ አይባልም። በዚህ ቁጥር ተነስቶ ማኅበራቱን ዕዳ ውስጥ መክተት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ወርቅ የሚያመልጠው ሳጥኑ እንጨት ስለሆነ አይደለም። ብረትም ይሁን ፕላስቲክ፣ በተዛባ ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ያልተነፋ ድንጋይ ከተጫነበት ያው ነው። ነገሩን ከወንፊት እንጀምር። ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራው ኳርትዝ አሸዋ 2.65 እጥፍ ብቻ። ይህን የሰማ ሁሉ ወርቅ በራሱ ይሰምጣል ብሎ ይተኛል። መጠን ግን ክብደትን ይሽራል። አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ድብልብል ወርቅ ውሃ ውስጥ የምትሰምጠው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጠጠር ጋር በተቀራረበ ፍጥነት ነው። የ0.1 ሚሊ ሜትሯ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከማይሞላ አሸዋ ጋር ትሄዳለች፤ ጠፍጣፋ ከሆነች ከዚያም ትዘገያለች። እንግዲህ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ሳጥን ውስጥ የጨመረ ሰው ያንን ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ያ ውሃ ደቃቁን ወርቅ አይምረውም። ድንጋዩ ራሱም እያለፈ፣ ወርቁን ለመያዝ በሳጥኑ ወለል ላይ ውሃውን አቋርጠው ከተደረደሩት አግዳሚዎች ሥር የተቀመጠውን ይቆሰቁሰዋል። የ12 ሚሊ ሜትር ወንፊት ከሳጥኑ ራስ ላይ ቢቀመጥ፣ ወርቁ ደቃቅ በሆነበት ቦታ ደግሞ የ6 ሚሊ ሜትር፣ ውሃው ሊቀንስ፣ ወርቁም ሊያርፍ ይችላል። ወንፊቱን የአካባቢው ብረት ሠራተኛ በአንድ ቀን ይበይደዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ዩኮን ጨረር አመንጪ የተደረጉ የወርቅ ቅንጣቶች በሥራ ላይ ባሉ ሳጥኖች ተለቀው የት እንደሚያመልጡ ሲፈተሽ፣ ከመጡት ምክሮች አንዱ ይኸው መንፋት ነበር። እዚያ የነበሩት ማሽኖች ደግሞ ትንንሽ አልነበሩም።

ሁለተኛው ተዳፋቱ ነው። የተነፋ አፈር ለሚያጥብ ሳጥን በአንድ ሜትር ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል። ለመለካት የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ በሳጥኑ ርዝመት ማጋደም፣ በታችኛው ጫፍ ሥር የ10 ሳንቲ ሜትር ኩርማን እንጨት ማስገባት፣ ከላዩ ውሃ ልክ ማስቀመጥ ነው። አረፋው መሃል ላይ ከቆመ ሳጥኑ ልክ ነው። ወደ ጎንም መለካት አለበት፤ በአንድ ወገን ያዘነበለ ሳጥን ውሃውን ወደዚያ ይነዳና ሌላው ወገን አሸዋ ይደፈንበታል። ከዚያ በኋላ ዓይን ይመሰክራል። ከአግዳሚዎቹ በስተጀርባ ያለው አሸዋ እንደሚፈላ ድስት ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። እንደ ሲሚንቶ ከጠጠረ አፈሩ በዝቷል ወይም ውሃው አንሷል፣ ወርቅም በላዩ እየተንሸራተተ ያልፋል። ተጠርጎ ባዶ ከሆነ ውሃው በዝቷል። ከአግዳሚዎቹ ሥር የተነጠፈው ምንጣፍ ሲታጠብ አብዛኛው ወርቅ በላይኛው ሲሶ መገኘት አለበት፤ በታችኛው ሲሶ ከታየ ወንዝም እየገባ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ ናፍጣ አያስፈልግም!

አሁን ወደ ኤክስካቫተሩ። ኤክስካቫተር አፈር ያቀርባል እንጂ ወርቅ አይይዝም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ወደ 1.7 ቶን ይመዝናል። በውሃና አፈር ድብልቁ ውስጥ የአፈሩ ድርሻ በክብደት 10 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ ለአንዱ ሜትር ኩብ ወደ 15,000 ሊትር ውሃ ይጠፋል። በሰዓት 50 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማሽን በደቂቃ ከ12,000 ሊትር በላይ ይጠይቃል። የተለመደው ሦስት ኢንች ፓምፕ ከፍታ በሌለበት ቦታ በደቂቃ 1,000 ሊትር ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ዳገት ሲያወጣ ከዚያም ያንሳል። በበጋ፣ የጋምቤላዋ ዲማና የቤንሻንጉል ጉሙዝ ትንንሽ ወንዞች ሲሳሱ፣ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? ውሃው ሲያጥር የሚሆነው የታወቀ ነው። ማሽኑ እንዳይቆም አፈሩ በላይ በላዩ ይጫናል፣ አግዳሚው ይደፈናል፣ የሚጠፋው ይበዛል። የሰው አካፋ የሚመግበው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ግን በደቂቃ ከ450 እስከ 700 ሊትር ይበቃዋል። እንዲያውም ሙሉ ፓምፕ ሲለቀቅበት ስለሚበዛበት ትርፉን ወደ ኋላ የሚመልስ ቧንቧ ያስፈልገዋል።

ወርቁ በጣም ደቃቅ ነውና በማሽከርከር የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ይምጣ የሚሉም አሉ። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ግን ከግድግዳው ቀዳዳዎች የሚረጨው ውሃ ንጹሕ መሆን አለበት። የድፍርስ ወንዝ ውሃ ያለ ማጣሪያ ገንዳ ሲሰጠው ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ የተያዘው አሸዋም ይጠጥራል። ወርቁን ከአሸዋ በመንቀጥቀጥ የሚለየው ጠረጴዛም በኮንክሪት መሠረት ላይ ካልታሰረና እኩል የተነፋ አሸዋ ካልቀረበለት መንቀጥቀጡ ብቻ ይቀራል። ሁሉም ተመልሰው ወንፊት ይጠይቃሉ።

ሸክላማ አፈር ባለበት ችግሩ ሌላ ነው። ያልሟሟ ጭቃ ሳጥኑ ውስጥ እንደ ኳስ እየተንከባለለ ያረፈውን ወርቅ ለጥፎ ይወጣል። አፈሩን ማታ ጉድጓድ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት ረግጦ ማሟሟት ብዙውን ይፈታል፤ ለሰፊ ሥራ የሚሽከረከር በርሜል ወንፊት ይረዳ ይሆናል። ድንጋይ ውስጥ የታሰረ ወርቅ መፍጫ እንደሚያስፈልገውም አልክድም። ግን ክርክሩ ስለ ወንዝ ዳር አፈር ነው።

ከዚሁ ጋር ሜርኩሪ ከሌለ ደቃቁ አይያዝም የሚለው የነጋዴዎች ወሬ ይቁም። ሳጥን ውስጥ የተረጨ ሜርኩሪ በውሃና በድንጋይ ሲመታ ይበጣጠሳል፣ የያዘውን ወርቅ ይዞ ወንዝ ይገባል። ቀድሞ ያመለጠውን ወርቅ ደግሞ ተመልሶ አይለቅመውም። ከወርቁ ጋር የቀረውን ከባድ ጥቁር አሸዋ በገበቴ በሚገባ አጥርቶ ቦራክስ በተባለ የማቅለጫ ጨው ማቅለጥ ይቻላል፤ በፊሊፒንስ የቤንጌት ወርቅ አምራቾች እንዲህ ይሠራሉ።

ለማሽኑ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በየማኅበሩ ከሳጥኑ ጭራ አሥር ባልዲ ይወሰድ፣ በገበቴ ይታጠብ፣ ወርቁ ይመዘን። ከዚያ ወንፊት ገብቶ፣ ተዳፋቱ ተስተካክሎ፣ ሳምንት ከታጠበ በኋላ ይኸው ይደገም። የሁለቱ ሚዛን ውጤት ይለጠፍ፤ ግማሹ ጠፋ ያሉትም መጥተው ያንብቡት።