የግንዛቤ እጥረት ያለበት ማነው?

አዲስ የዲጂታል አገልግሎት በተመረቀ ቁጥር የማይቀር ንግግር አለ። ኃላፊው መድረክ ላይ ወጥቶ ሲስተሙን ያሞግሳል። ሕዝቡ ለምን ይጠራጠራል ሲባል ደግሞ መልሱ በኪሱ ነው፦ የግንዛቤ እጥረት አለ፣ ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ይሠራል። ሰሞኑንም ይኸው ተደገመ። በዚህ ንግግር አንጀቴ ያርራል።

የምን ግንዛቤ ነው የጎደለን? ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ማን አዳራሽ ሰብስቦ አስተማረን? ዛሬ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ስልክ ቁጥሯን ካርቶን ላይ በእስክሪፕቶ ጽፋ ከሚዛኗ አጠገብ ታቆመዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሲባል ሹፌሮቹ አጉረምርመው ለመዱት። ሕዝቡ ስልክ መነካካት አላቃተውም። ያቃተው እናንተን ማመን ነው። ለዚያ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊቱን የሆነውን እናስታውስ። የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናጋ። ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ሲስተሙ ላይ ከሠራነው ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው አለ። ጥፋቱ የቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱም ተነገረ። የራሱ ያልሆነውን ብር ወስዶ አልመልስም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ፍርድ ቤት አለ፣ ይከሰስ።

ባንኩ ግን ፍርድ ቤት እስኪወስን አልጠበቀም። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ብሩን ያልመለሱ ሰዎችን ፎቶና ስም አትሞ ቅርንጫፎቹ በር ላይ ሰቀለ። በድረ ገጹ ደግሞ ስማቸውን ከነሂሳብ መረጃቸው ዘረገፈው። ሰው ፎቶውንና ስሙን ለባንክ የሚሰጠው ሂሳብ ለመክፈት ነው። ሰፈር አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንዲያነበው አይደለም። እዚያ ባነር ላይ ማሻሻያው ሥራ ላይ እንዲውል የፈቀደው አለቃ ፎቶ ነበር? አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይሄ ነው።

ታዲያ አብዛኛው ብር ተመለሰ አይደል ይሉኛል። አዎ፣ ተመልሷል። ግን እኮ መንግሥት ብሩን ያስመለሰበት መንገድ ለእያንዳንዳችን አንድ ነገር አስተምሮናል፦ ሲስተሙ ሲበላሽ ተጠያቂው ዳር ያለው ነው። አለቃ መግለጫ ይሰጣል፣ ተጠቃሚው ባነር ላይ ይወጣል። ይህን ያየ ወጣት ለዲጂታል መታወቂያው ለፋይዳ አሻራውንና የዓይኑን ምስል ስጥ ሲባል ቢያመነታ፣ ግንዛቤ ጎድሎት ነው? ከዚህ በላይ ምን ይገንዘብ? ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ ባነሩ ከተሰቀለ ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 26 ቀን፣ የተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን ማጽደቁ ነው። አዋጁ እጅ ሲወጣለት ፎቶዎቹ ሜዳ ላይ ነበሩ።

ዲጂታል መንግሥት ሲነሳ ኢስቶኒያ ሳትጠራ አትታለፍም። ከጠሯት አይቀር ሙሉውን ይናገሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 750 ሺህ ያህል የኢስቶኒያ መታወቂያ ካርዶች ቺፕ ላይ ክፍተት አገኙ። የአካባቢ ምርጫ ሊደረግ ሳምንታት ነው የቀረው። ዝም ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዩሪ ራታስ ግን ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ችግሩን ራሱ ተናገረ። ኋላም ያልታደሱት ካርዶች ሰርተፍኬት፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚያሠራቸው ዲጂታል ማረጋገጫ፣ ታገደ። ውርደት ሆነባቸው? በ2023ቱ ምርጫ ከድምፅ ሰጪዎቹ ግማሽ በላይ የሆኑት የመረጡት በኢንተርኔት ነው።

የእኛዎቹ ከኢስቶኒያ የሚወስዱት ሲስተሙን ነው። አለቃው ያደረገውን ግን አይወስዱም። እሱ በጨረታ አይገዛም።

ፋይዳን አልጠላም። 90 ሚሊዮን ሰው የመመዝገብ ዕቅዱ ከተሳካ በሁለትና ሦስት ቀበሌ መታወቂያ የሚነግደው ሁሉ ያርፋል። የመንግሥት አገልግሎቶችን አንድ ቦታ የሚሰጠው መሶብም ቢሆን ወረፋ ይቀንሳል፣ ይቀንስ። ግን አንድ መሥሪያ ቤት ፋይዳዬን ይዤ ብሄድ ምን አሉኝ? «ኮፒ አድርገህ አምጣ፣ ሁለት።» ስልኬ ላይ አሳየሁ። የለም፣ ወረቀቱን። ኮፒ ቤቱ በሩ ላይ ነው፣ ሰልፉም እዚያ ነው። ከፊቴ ያሉ እናት ደግሞ አሻራቸው አልነበብ ብሎ ሦስተኛ ጊዜ ነው የተመላለሱት። ዕድሜ ልክ ልብስ ያጠበ ጣት ማሽኑ አላውቅህም አለው። ጸሐፊዋ «ነገ ይሞክሩ» አለቻቸው፣ ቀና ብላም አላየቻቸው። ነገ ጣታቸው ይለወጣል?

ኢንተርኔቱንስ ማን ነው የሚዘጋው? የካቲት 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ተገደበ። ዘንድሮ አይዘጋም ብሎ ቃል የሚገባ ባለሥልጣን እስካሁን አልሰማሁም። ሁሉን ነገር ስልክ ውስጥ አስገቡ ብሎ ቁልፉን ኪስ መክተት ምን የሚሉት አመራር ነው?

በየሦስት ወሩ ይውጣልን፦ የትኛው ሲስተም ስንት ሰዓት ጠፋ፣ የስንት ሰው መረጃ ሾለከ፣ ማን ተጠየቀ። በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች፣ በኃላፊው ስምና ፊርማ። ፎቶውንም ጨምሩበት፣ እንዴት እንደሚታተም ባንኩ ያውቃል።