«ቤትሽ አይደል የምትውዪው?»

ባለፈው አንድ ግብዣ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። እዚህ አሜሪካ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር (የልጆች መዋያ) ከፍታ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። «ዛሬስ በጣም ደክሞኛል» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ቀበል አድርጎ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ ቤትሽ አይደል የምትውዪው?» አላት። ክፋት አስቦ አይመስለኝም። እሷም ፈገግ ብላ አለፈችው። እኔ ግን ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው።

ይቺ ሴት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በሯ ክፍት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን አስረክበዋት ወደየሥራቸው ይበራሉ። የመጨረሻው ልጅ ሲወሰድ መሽቷል። ከዚያ ወለሉ ይጸዳል፣ መጫወቻው ይታጠባል፣ የነገ ምግብ ይሰናዳል፣ ኢንስፔክተር ድንገት ቢመጣ የሚያየው መዝገብ ይሞላል። በዚህ መሀል ዘመድ ይደውላል። «ቤት ነሽ አይደል፣ እቃ ይመጣልኛል ተቀበዪልኝ።» ሌላው ሳይደውል ይመጣና ቡና ይጠብቃል። ባንክ ቤት ተቀጥራ ብትሠራ ኖሮ ማን እንዲህ ይደፍራታል?

ለዚህ ነው «እኔም ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር ልጀምር ወይ?» ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ ስለ ገንዘብ የማላነሳው። አብረውሽ የሚኖሩት ሰዎች ይሄን ሥራ ሥራ ነው ብለው ይቀበሉታል ወይ? ባለቤትሽ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለዋልሽ ብቻ እራቱም፣ ልብሱም፣ የልጆቹ የቤት ሥራም ያንቺ ነው ብሎ ያስባል ወይ? ካሰበ ሁለት ሥራ ነው የምትጀምሪው፣ የሚከፈልሽ ግን ለአንዱ ነው። ይሄ ሳይነጋገሩበት ተጀምሮ ትዳር ያናጋ ነገር ነው።

አገር ቤትም ያው ነው። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች፣ ጠላ ጠምቃ፣ ልብስ ሰፍታ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት በየሰፈሩ አለች። ትምህርት ቤት የእናት ሥራ ሲጠየቅ ግን ልጆቿ «ሥራ የላትም» ብለው ያስመዘግባሉ። እሷ ራሷም የጤፉን ዋጋ አብጠርጥራ ታውቃለች፣ የራሷን ጉልበት ግን ዋጋ አታወጣለትም። መብራቱ በቤቱ ቆጣሪ ይገባል፣ ሊጥ የምታቦካው ልጇ በነፃ ትሠራለች። ይሄ ሁሉ ሳይሰላ የቀረችው ብር ትርፍ ትባላለች። አንድ ነገር ግን አላት፣ ሰው አላት። ብትታመም እህቷ ትተካታለች፣ ልጇን ጎረቤት ያይላታል። እዚህ ግን ጓደኛዬ አንድ ቀን ትኩሳት ቢይዛት ስንት ወላጅ ከሥራ ይቀራል። ታዲያ ብቻዬን እችለዋለሁ ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ እዚህ ከአገር ቤት ይልቅ ከባድ ጥያቄ ነው።

በዚህ አገር ያስደነቀኝ መንግሥቱ ከዘመድ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚሠራን ሥራ ማክበሩ ነው። የዓመቱን ታክስ ስታሳውቂ የሥራ ክፍልሽን ስፋት ይጠይቅሻል። ቀለል ባለው የስሌት ዘዴ ለአንድ ስኩዌር ፊት (ካሬ ጫማ) 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ድረስ፣ ማለትም ቢበዛ 1,500 ዶላር ታክስ ከሚሰላበት ገቢሽ ላይ ይቀነስልሻል። ክፍሉ ግን ለሥራ ብቻ የተለየ መሆን አለበት። ቀን ቢሮ፣ ማታ መኝታ ቤት የሚሆን ክፍል አይቆጠርም። ፈቃድ ያለው ዴይኬር ግን ለሥራ ብቻ ይሁን አይባልም፣ ልጆች የሚውሉት ቤተሰቡ በሚኖርበት ሳሎን መሆኑን ሕጉም ያውቀዋል። ሕጉ የገባውን ያህል ለኛ ሰው ቢገባው ምን ነበረበት!

ሌላም ስሌት አለ። ተቀጥረሽ ስትሠሪ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮሽን ግማሽ አሠሪሽ ይከፍልልሻል። የራስሽን ስትሠሪ 15.3 በመቶው በሙሉ ያንቺ ነው፣ ያውም በዓመት የተጣራ ገቢሽ 400 ዶላር ከደረሰ ጀምሮ። ይሄን ሲሰሙ «በካሽ ብቻ፣ ሳላስመዘግብ እሠራለሁ» የሚሉ እህቶች አሉ። እባካችሁ! ለጡረታ 40 ክሬዲት (በተመዘገበ ገቢ የሚገኝ ነጥብ) ያስፈልጋል፣ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም፣ ስለዚህ ቢያንስ 10 ዓመት ያስመዘገባችሁት ገቢ መኖር አለበት። አገር ቤት በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው 7 በመቶ ከደሞዙ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ለጡረታ ይገባለታል። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን ወገቧ ሲደክም የሚጠብቃት የልጆቿ ፊት ብቻ ነው። እዚህ ድረስ መጥተን፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ እንደሷ ባዶ እጃችንን ማርጀት የለብንም።

ገቢውም ጣሪያ አለው። ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ መደበኛው የቤት ዴይኬር ፈቃድ ከ8 ልጅ አያልፍም። ስለዚህ ከልጆቹ የሚገኘውን ደምሪ፣ ምግቡን፣ ኢንሹራንሱን፣ ታክሱን ቀንሺ፣ የቀረውን ለሰዓትሽ አካፍዪ። ሰዓት ስትቆጥሪ የማታውን ጽዳትም እንዳትረሺ። የሚመጣው ቁጥር ሌላ ቦታ ተቀጥረሽ ከምታገኚው ካነሰ፣ ቢያንስ አውቀሽ ግቢበት። አከራይሽንና የቤት ኢንሹራንስሽንም አስቀድመሽ ጠይቂ፣ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ንግድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ልጅ ለመውሰድ የሚዘገየው የኛው ሰው ነው። ትልቅ ዴይኬር ቢሆን በየደቂቃው ቅጣት እንደሚቆጥርበት ስለሚያውቅ እየሮጠ ይደርሳል፣ ከዘገየም ቃል ሳይተነፍስ ይከፍላል። እሷ ጋ ሲሆን አንድ ሰዓት አሳልፎ ይመጣና «ቤትሽ አይደል፣ የትም አትሄጂ» ይላል። እሷ እኮ የራሷ ልጆች አሏት! እነሱም እናታቸውን ይፈልጋሉ። ይሉኝታ ይዟት ዝም ትላለች፣ ያ ሰዓት ደግሞ በየሳምንቱ ይደጋገማል። እና ይሄን ሥራ ልትጀምሪ ካሰብሽ፣ የመዘግየቱን ክፍያ ውል ውስጥ ጻፊው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይፈረም፣ ወላጁ የአክስትሽ ልጅም ቢሆን።