ለማይጠይቀው ገዢ የቀረበ ምስጋና

የጥንት ዕቃ ንግድ ባለውለታው ብዙ ነው፤ የማይጠይቀውን ገዢ የሚያህል ግን የለም። ከወገቡ በላይ ጦጣ የሚመስል፣ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ የደረቀ ገላ በመስታወት ሣጥን ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚያየው አብሮት የመጣውን ወረቀት ነው። «ጃፓን ባሕር የተያዘች የባሕር ልጃገረድ (ሜርሜይድ)» ይላል? እንግዲያው ተይዛለች!

የዚህ ወገን አባት ካፒቴን ሳሙኤል ባሬት ኢድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ላይ አንዷን ለመግዛት መርከቡን ሸጠ። ከመርከቡ የእሱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ብቻ መሆኑ ምን ቸገረው? ለንደን ሲደርስ ዊልያም ክሊፍት የሚባል አዋቂ መረመራትና የኦራንጉታን ራስ፣ የዝንጀሮ መንጋጋ፣ የዓሣ ጅራት ናት አለ። ደስታ አደፍራሽ መቼ ይጠፋል!

በ1842 ኒውዮርክ ላይ ትርኢት አሳዪው ፒ. ቲ. ባርነም ይህችኑ በሳምንት 12.50 ዶላር ተከራየ። ለጋዜጦች ያደለው የቆንጆ ሴት ሥዕል ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለችው አፏን የከፈተች ጭርምት። ሕዝቡ ግን ጨዋ ነው፣ ተጋፍቶ ገባ።

ጨዋ ገዢ ራጅ አያስነሳም። ለንደን ሆርኒማን ሙዚየም ያለችውን አስነሥተው ምን አተረፉ? የጦጣ አጥንት የሚባል አልተገኘም፤ እንጨት፣ ሽቦ፣ ሸክላ፣ በሙጫ የራሰ ወረቀትና የዓሣ መንጋጋ ሆነች። በ2023 ደግሞ ጃፓን ውስጥ የኦካያማው ኢንጁኢን ቤተ መቅደስ 30 ሴንቲ ሜትር ቅርስ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ጥጥና የዓሣ ቆዳ መሆኑ ተነገረ። ስንት ዘመን የተሰገደላት!

ጨዋ ገዢ ወገቧንም በባትሪ አያበራም። የዓሣ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ሠሪው በወረቀትና በቀለም የደፈነውም እዚያው ይላጣል። ጥርሷንም አይቆጥርም፤ ሹልና ጥቃቅን የዓሣ ጥርስ ቢያገኝ ሌሊት እንቅልፍ የለውም።

ሙዚየሞች ብል የገባበትን ቆዳ በላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ለ3 ቀን ያቆያሉ። የኛ ሰው ሳሎኑ ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ያስቀምጣታል፤ እንግዳ ሲመጣም በባዶ እጁ አንሥቶ ያሳያል። የድሮ ቆዳ አድራቂዎች ብል እንዳይበላው ሲሉ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይቀቡ ነበር፤ ጓንት ማጥለቅ ግን ዕቃውን መጠራጠር ይመስልበታል።