ኤገርን ውሎ ገብ አታድርጓት

ቪየና ወይም ሙኒክ የሚኖር ሀበሻ ሀንጋሪን የሚያያት ብዙ ጊዜ በአንድ መልክ ነው። አርብ ማታ ቡዳፔስት ይገባል። ቅዳሜ ፓርላማውን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ ፍልውሃ ይገባል፣ እሁድ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን የተረፈው ደግሞ ኤገር ሄዶ ይመጣል። ጠዋት ባቡር፣ ማታ ባቡር። እኔ የምቃወመው ይህንን የመጨረሻውን ነው። መሄዱን አይደለም፣ ሳያድሩ መመለሱን።

ኤገር ከቡዳፔስት በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ማትራና ቡክ በሚባሉት ተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዋ 50 ሺህ ቢደርስ ነው። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቅርብ መሆኗ ነው የጎዳት። የሚታየው ሁሉ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ሰው በአራት ሰዓት ጨርሶ «አየኋት» ይላል።

ቀን የሚታየው ነገር ናቅ የሚደረግ አይደለም። ምሽጉን ውሰዱ። በ1552 መስከረም ላይ የኦቶማን ጦር ከተማዋን ከበበ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ውስጥ የነበሩት ሴትና ሕጻን ተቆጥሮ 2 ሺህ ገደማ ናቸው። ውጭ ያለው ጦር ዛሬ የታሪክ ሰዎች ቀነስ አድርገው ሲቆጥሩት እንኳ 35 ሺህ፣ 40 ሺህ ይደርሳል። ከአምስት ሳምንት በላይ ተዋጉ። ገርገይ ቦርኔሚሳ የተባለ መኮንን የወፍጮ መንኮራኩር ውስጥ ባሩድ ጠቅጥቆ፣ ለኩሶ ቁልቁል ይለቀው ነበር። ሴቶቹ ከግንቡ ላይ የፈላ ውሃና ሬንጅ ያፈሱ ነበር። ብርዱ ሲመጣ ከበባው ተነሳ። አዛዡ ኢሽትቫን ዶቦ ይባላል፤ የከተማዋ ዋና አደባባይ በስሙ ነው፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል።

አስጎብኚዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። የቀረው ግን ይበልጣል። ንጉሡ በዚያ ሁሉ ሳምንት አንድ ወታደር አልላከለትም። ዶቦ ተቆጥቶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ኋላ ደግሞ አሲረሃል ተብሎ ታሰረ፣ ከእስር በወጣ ጊዜም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ምሽጉ ራሱ በ1596 በኦቶማን እጅ ወደቀ፤ እስከ 1687 ድረስ፣ 91 ዓመት አልተመለሰም። በነገራችን ላይ ያው ጦር ከኤገር ከበባ አምስት ዓመት በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ምጽዋን ያዘ። ምሽጉ ግንብ ላይ ቆሜ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

የነዚያ 91 ዓመታት ምልክት ከመሐል ከተማው ይታያል፤ 40 ሜትር የሚሆን ቀጭን የድንጋይ ማማ። መስጊዱ በ1841 ፈርሷል፣ ሚናሬቱ ብቻውን ቀረ። 400 በሬ ጠምደው ሊጥሉት ሞክረው አልተቻለም ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ዛሬ ጫፉ ላይ መስቀል አለ፤ ሰውም ከፍሎ ይወጣበታል። ደረጃው 97 ነው። ጠመዝማዛና ጠባብ ስለሆነ የሚወርድ ሰው ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ። ወፈር ያለ ሰው ባይሞክረው ይሻላል፤ ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ከምሽጉ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ በ1610ዎቹ አርናውት ፓሻ ያሠራው መታጠቢያ ቤት አለ። ሙዚየም አላደረጉትም። ሰው ዛሬም ይታጠብበታል።

የጠላትን ሥራ አፍርሶ ከመጨረስ ይልቅ ገብቶ መታጠብ! እኔን የገዛኝ ይህ ጠባያቸው ነው።

ሊሲየም የሚባለው ትልቅ ሕንፃም ሳይታይ አይታለፍ። ጳጳሱ ካሮይ ኤስተርሃዚ በ18ኛው መቶ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ላድርገው ብለው አሠሩት፤ ፈቃዱን ግን ከቤተ መንግሥት አላገኙም። ማማው ላይ የከዋክብት መመልከቻ አለ። ከዚያም በላይ ካሜራ ኦብስኩራ። በሩ ይዘጋል፣ ጨለማ ይሆናል፣ መሐል ላይ ነጭ ክብ ጠረጴዛ አለ። ሠራተኛው ከላይ ያለውን መስታወት በዘንግ ሲያዞር ከተማዋ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ትፈሳለች። ፎቶ አይደለም። መኪናው ይሄዳል፣ ዛፉ ይነቃነቃል፣ መንገድ የምትሻገረው ሴትዮ ጣትህ ሥር ታልፋለች። ኤሌክትሪክ የለ፣ ስክሪን የለ። ስልካቸውን የማይለቁ ልጆች እንኳ እዚያ ዝም ብለው ሲያዩ ነበር።

እንግዲህ ውሎ ገቡ እዚህ ድረስ አይቶ ይሮጣል። ኤገር ሰው መቀበል የምትጀምረው ግን እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሀንጋሪዎች እንግዳን ገና ከሩቅ በፈገግታ የሚቀበሉ ሰዎች አይደሉም። ሱቅ ገብታችሁ ሰላም ብትሉ መልሱ ደረቅ ነው። ቀን ላይ ብቻ ያያቸው «ኩሩ ናቸው፣ ፊት አይሰጡም» ብሎ ይመለሳል። ቤታቸው ስትገቡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እኛ ያደርንበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ በሀንጋሪኛና በጥቂት ጀርመንኛ ብቻ ነው የሚያወሩት። የክፍሉን ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ፓሊንካ ቀዱልን፤ የፍራፍሬ አረቄ ነው፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። አልጠጣም ማለት እዚያ ቤት ውስጥ አይሠራም። ከዚያ ከጓሮ ወይን ቆርጠው አመጡ፣ ቁጭ አሉ፣ ወላጆቻችን በሕይወት እንዳሉ በምልክት ጠየቁን። ይህ ሁሉ የክፍሉ ኪራይ ውስጥ አልተቆጠረም።

ማታ ማታ ሰው የሚሄደው ሴፓሶንይቮልጅ ወደሚባለው ሸለቆ ነው። ከመሐል ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለስላሳ ዓለት እየተፈለፈለ የተሠሩ የወይን ጠጅ ዋሻዎች ተደርድረዋል። ውስጡ በጋ ክረምት ቀዝቃዛ ነው፣ ግድግዳውን ጥቁር ሻጋታ አልብሶታል፤ አያጥቡትም፣ ይኮሩበታል። ባለ ዋሻው በረጅም የመስታወት ቱቦ ከበርሜሉ ስቦ ብርጭቋችሁ ውስጥ ይለቀዋል። የአገሩ ሰው የፕላስቲክ ጀሪካን ይዞ መጥቶ አስሞልቶ ይሄዳል። ቀዩ ወይን «የኮርማ ደም» ይባላል፤ በከበባው ጊዜ ተከላካዮቹ ቀይ ወይን ጠጥተው ጺማቸው ሲቀላ ቱርኮቹ የኮርማ ደም የጠጡ መስሏቸው ሸሹ የሚል ወግ አለ። ኋላ የመጣ ወግ ነው፤ ግን ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ማን ይከራከራል?

አንድ ነገር ለጾመኞች ልንገር። ከወይኑ ጋር የሚቀርበው የታወቀው ምግብ ዳቦ ላይ የአሳማ ስብ ተቀብቶ፣ ቀይ ሽንኩርትና ፓፕሪካ የተነሰነሰበት ነው። ለእኛ ሁለት ጊዜ አይሆንም። አርብ ነበር፤ «አርብ» ብለን በእጃችን መስቀል ሠራን። ባለ ዋሻው ካቶሊክ ነው መሰል ወዲያው ገባው፤ ዳቦውን አንስቶ የተኮመጠጠ ኪያርና ቃሪያ ይዞ መጣ። ወይኑን ከጾሙ ጋር እንዴት እንዳስማማነው አትጠይቁኝ።

የሚነሳ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። «ይቺ እኮ በ2015 ድንበሯን በአጥር የዘጋች፣ ስደተኛ አንፈልግም የሚል ማስታወቂያ የለጠፈች አገር ናት፤ ጥቁር ሰውን እንዴት ታያለች?» ሐሰት ነው አልልም። የ1552ን ከበባ ለዚህ ፖለቲካ የሚጠቅሱም አሉ። አውቶቡስ ውስጥ ያፈጥጡባችኋል፤ አንዳንዱ ማፍጠጥም ደስ አይልም። ግን የመንግሥት ቢልቦርድና የአንድ ሰው ማዕድ ለየብቻ የሚታዩ ናቸው። የሀንጋሪ መንግሥት ራሱ «ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም» በሚባለው የትምህርት ዕድል ከኢትዮጵያ ጭምር ተማሪዎች ይወስዳል። ከእነሱ የምትሰሙት ቅሬታም አለ፣ ምስጋናም አለ። ማፍጠጡን በአንድ ቀን ታዩታላችሁ። ማዕዱን ለማየት ግን ማደር ያስፈልጋል።

ማደሩ ሕግም ያለበት ጉዳይ ነው። ሀንጋሪ ውስጥ አንድ ብርጭቆም ቢሆን ጠጥቶ መንዳት አይፈቀድም፤ ልኩ ዜሮ ነው። መኪና ይዛችሁ ከሄዳችሁ አቁሟት። ከቻላችሁ ቅዳሜን ተዉት፤ ሸለቆው በቱሪስት ጢም ይላል፣ ሙዚቀኛው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ጉርሻ ይጠብቃል፣ ባለ ዋሻውም ለማውራት ጊዜ የለውም። የመስከረም ሐሙስ ይሻላል። ወይን ሲሆን ብርጭቆ አጋጩ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ። ቢራ ከሆነ ግን በተለይ ሽማግሌ ካለ ቀድማችሁ አታጋጩ። በ1849 ኦስትሪያውያን 13 የሀንጋሪ ጄኔራሎችን ሲገድሉ ቢራቸውን አጋጭተው ጠጡ ይባላል። ወጣቶቹ ረስተውታል፤ ያደርንበት ቤት እናት ግን አልረሱትም፣ እጄን ያዝ አድርገው መለሱኝ።